ጓድ ግዛው ያመጣው የሕይወት ታሪክ

«ባደረበት ሕመም» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓለሚቱ እጇን ከንፍሮው ሳህን ላይ አነሳች።

«እስቲ እሱን ይድገሙልኝ» አለች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ግዛው ደገመላት። ሠዓሊ ጓድ ደምሰው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከፍተኛ አስተዋጽኦ ካደረገ በኋላ ባደረበት ሕመም ተለየን፣ ይላል ወረቀቱ። ወንድሟ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጓድ ግዛው ለለቀስተኛ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ ነገ በሠልስቱ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ያሰማታል። ይኼን የጎፋ ሰፈር ሰው ሁሉ ሊሰማው ነው። ከዚያ ወዲያ ደምሰው ማለት ይኸው በታይፕ የተመታ ወረቀት ነው።

አንባቢው የእድሩ ዳኛ ጋሽ አባይነህ ናቸው፤ ቤተሰብ ካልፈቀደ ደግሞ እድር አያነብም። ጓድ ግዛው የመጣው ለዚህ ነው እንጂ ለሐዘን አይደለም። ከፈቀደች ቀበሌው የአበባ ጉንጉን እንደሚያመጣ፣ ካልፈቀደች ግን ድንኳኑ ራሱ በቀበሌ ፈቃድ የቆመ መሆኑን እንዳትረሳ ንፍሮውን እያላመጠ ነገራት። ከመመረጡ በፊት «እትዬ» ይላት ነበር። አሁን ሲወጣ «በይ በርቺ» ብሏት ሄደ።

ጎረቤቷ ዘነቡ እግሩ እስኪርቅ ጠብቃ ጠጋ አለች።

«ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ። ወረቀት ነው፤ ይነበብና ይለፍ።»

«ዝም ባይነቅዝም እኔ ነቀዝኩ» አለች ዓለሚቱ። ከትናንት ጀምሮ እንባዋ አልመጣ ብሏት ነበር። የመጣው ንዴት ብቻ ነው።

ደምሰውን ያሳደገችው እሷ ናት። ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የምታመጣለትን ቅዳጅ ጨርቅ በሙጫ እያጣበቀ የሰው ፊት ይሠራ ነበር፤ አድጎ ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ ሲወጣም ቀለም ብቻውን አልበቃው አለ። ሸራው ላይ ፎቶ ይለጥፋል፣ ከኋላው አምፖል ያበራል፣ ከሥሩ ቴፕ ያናግራል። የሰፈሩ ሰው «ይኼ ሥዕልህ መቼ ነው እራት የሚጠይቀን?» እያለ ይስቅበት ነበር።

ቀበሌው ለበዓሉ አዳራሽ ያዘዘው ትከሻ የሚደርስ ስንዴና ትራክተር የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ደምሰው ስንዴውን አይቼ ልምጣ ብሎ በአውቶቡስ ወሎ ሄደ። በሁለት ሳምንቱ ሲመለስ ስለ ስንዴ አላወራም፤ ባዶ ጆንያ ለምኖ ሰብስቦ «ስፊልኝ» አላት። ሰፋችለት። ጆንያው ላይ ወሎ በፎቶ ያነሳቸውን የተራቡ ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ለጠፈ። መጋረጃው በተገለጠ ቀን እንግዶቹ ስንዴ ሲጠብቁ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ኋላ አምፖል በራ፤ ከታች ቴፑ የሰዎቹን ስም መናገር ጀመረ። ስም፣ የአባት ስም፣ አገር፤ ሌላ ምንም የለም። አንድም መፈክር፣ አንድም ስድብ አልነበረበትም። የቀበሌው ጥበቃዎች ይዘው ሲወስዱት «ስማቸውን ብቻ ነው የቀዳሁት» ይል ነበር።

ጆንያውን የዚያኑ ዕለት ቀበሌ ግቢ አቃጠሉት። ደምሰው በተያዘ በአርባ አምስት ቀኑ፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ውስጥ እግሩ ተተልትሎ ደም እያሳለ ተመለሰና አሥራ አንድ ቀን ኖረ። ሕመም ያሉት ይኼንን ነው። እነዚያው ስሞች ያሉበትን፣ ቤት የቀረውን ሁለተኛ ካሴት ግን ቤቱን የፈተሹት ሰዎች ከዘፈን ካሴት መሀል ሳይለዩት አልፈውታል።

በሠልስቱ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ አባይነህ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ዘርግተው፣ እንደ ደንቡ «ቤተሰብ ፈቅዷል?» ብለው ጠየቁ። የሚጠየቀው ለወጉ ነው፤ ማንም አልፈቀድኩም ብሎ አያውቅም።

«አልፈቀድኩም» አለች ዓለሚቱ። ወደ ጓድ ግዛው ዞረች። «ገድለኸው ስታበቃ ታሪኩን አንተ አትጽፍለትም።»

ያን ካሴት የከተተችበትን ቴፕ አውጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ለቅሶ ቤት ቴፕ ነውር ነውና ሴቶቹ አጉረመረሙ። ከፈተችው።

«ይመር ሙሄ እባላለሁ። የቆቦ ሰው ነኝ።»

ለቅሶ ቤት ስም ከተጠራ አፍ አይጠብቅም፤ አንድ ሽማግሌ ከጥግ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሞቷል ያላቸው የለም። ደምሰው የቀዳቸው በሕይወታቸው ነው፤ ዛሬም በሕይወት ያለ ይኖር ይሆናል። ሁለተኛው ስም ሲጠራ ግን አሥር ሰው፣ በሦስተኛው ድንኳኑ በሙሉ «ነፍስ ይማር» አለ። ስም እየመጣ፣ ነፍስ ይማር እየተባለ ቀጠለ። ሰባተኛው ወይ ስምንተኛው ላይ፣ በየስብሰባው በረሃብ የሞተ አንድም ሰው የለም ሲል የከረመው ጓድ ግዛው፣ ከሰው ጋር አብሮ «ነፍስ ይማር» አለ።

አጠገቡ ያሉት ዞረው አዩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ዝጊው» አለ። የተነሳ ሰው የለም። ጋሽ አባይነህ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው መለሱለት።

«ቤተሰብ አልፈቀደም፤ የእድር ደንብ ነው» አሉት።

ዓለሚቱ አልሰማቻቸውም። ካሴቱን በልቧ ታውቀዋለች፤ ከሁሉም በኋላ ደምሰው የራሱን ስም ይናገራል። ከሞተ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። ካሴቱ እሱ ጋ ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀረው፣ ስሟን የምትናገረው ሴት ድምፅ ወፈረ፣ ተጎተተ። «እኔ ደግሞ...» አለ ደምሰው ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ሰው፣ እዚያው ቆመ። ባትሪ ድንጋዩ አልቆ ነበር፤ ያለቀ ድንጋይ ደግሞ ሲሞቅ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል።

ድንኳኑ ሁሉ እሷን ያያል። ዓለሚቱ የቴፑን ጀርባ ከፍታ አራቱን ባትሪ ድንጋይ አወጣችና ብብቷ ውስጥ ከታ፣ ነጠላዋን ደርባ መሬት ላይ ተቀመጠች። ክንዶቿን ጥብቅ አደረገች።

«ቆዩ» አለች። «አሁን ይሞቃል።»