የተቃዋሚው እናት ድንጋይ

የእማማ ወለተ ሥላሴ ልጅ በፍቃዱ ካናዳ ሄዶ በአንዲት ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ተመረጠ ሲባል፣ መካነ ሰላም እስላሙም ክርስቲያኑም ደስ ብሎት ሰነበተ። የእማማ ደስታ ግን ልጃቸው እስኪደውል ድረስ ብቻ ነበር።

«ምን ያሠሩሃል የኔ ዓለም?»

«ተቃዋሚ ነኝ እማዬ።»

«ማንን ነው የምትቃወም?»

«የክፍለ ሀገሩን መንግሥት። እየተነሳሁ መሪውን እተቸዋለሁ።»

«ደመወዝህንስ ማን ይከፍልሃል?»

«መንግሥት።»

እማማ እንደ ፋሲካ በግ እየቀለቡት ነው አሉ በሆዳቸው፤ አንድ ቀን ያስሩታል።

ዱባይ ሠርታ የተመለሰችው ጎረቤታቸው አሚራ፣ የዚያ አገር ነገር እንዲያ አይደለም ብላ ብታስረዳቸው ወይ ፍንክች። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሼህ አህመዲንና ወደ መሪጌታ ይርዳው ሄዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከከላላ እስከ ወረኢሉ ስንቱን ደመኛ ያስታረቁ ናቸው።

«ሰው ገድሏል?» አሉ ሼሁ።

«ኧረ ተናግሮ ነው።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አሉ መሪጌታ።

የዚያ ክፍለ ሀገር መሪ በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ ጥሪ የሰው አቤቱታ ይሰማል አሉ። አሚራ ተራ አስያዘች። ቀኑ ሲደርስ እማማ ከአጥሩ ሥር ደህና ድንጋይ መርጠው፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው፣ በልጃቸው ፈንታ ማጅራታቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ቆሙ።

ሰውየው ስልኩ ላይ ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየው ድንጋዩን ነው። ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ።

«ተቀመጡ ይላል» አለች አሚራ፣ እየተረጎመች።

«እሺ ካላለን አንቀመጥም በይው» አሉ ሼሁ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ሰውየው።

«አንተ ምንም። ያጠፋው በፍቃዱ ነው። ምን አለህ?»

ሰውየው አሰብ አደረገ። «በጀቴን የበሰበሰ ድንች ነው ብሎኛል።»

«እናትህን ሰደበ?»

«አልሰደበም።»

«አባትህንስ?»

«አይ፤ በጀቴን ብቻ።»

«ለበጀት ብለህ እኒህን እናት ድንጋይ አታሸክም የኔ ልጅ» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው።

የሰውየው ዓይን እንባ አቀረረ። በፍቃዱ ካለበት ተጠርቶ መጣ፤ እናቱን በዚያ ሁኔታ ሲያይ ይቅርታ ጠየቀ። ከሰውየው ጋር ተቃቅፈው ትከሻ ተሳሳሙ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ መሪጌታ መረቁ፤ የሰውየው ጸሐፊዎችም አሚራን እያዩ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። በመጨረሻ ሼሁ፣ «እርቁን ያፈረሰ ምርቃታችንን አያግኝ» ብለው ሁለቱን በቃል አሰሯቸው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በፍቃዱ ምክር ቤት ሊቃወም ሲነሳ ምርቃቱ ትዝ እያለው፣ «ጥሩ ነው፣ ይበርቱ» ብሎ ይቀመጣል። መሪውም ተነስቶ፣ «እርስዎም ይበርቱ» ይላል። ምርጫ ሲደርስ ሕዝቡ ሁለቱንም አሰናበታቸው።

በፍቃዱ ደወለ። «ከሥራ ወጣሁ እማዬ።»

«አሰሩህ?»

«ኧረ ቤቴ ነኝ።»

እማማ ያን ጊዜ ገና ተነፈሱ። «ተመስገን። ያ ደግ ሰውየስ?»

«እሱም ወጣ። ሌላ ተሾመ።»

እማማ ወደ ደጅ አዩ። ድንጋዩ ዛሬም በራቸው ላይ ነው፤ አሚራ ልትጥለው ስትል ከልክለዋታል።

«አዲሱም ተቃዋሚ አለው?»

«አለው እንጂ።»

«እናት አለችው?»

«አለችው መሰለኝ። ካናዳዊት ናት።»

«እንግዲያ ድንጋይ መሸከም አታውቅም፣ ምስኪን» አሉና፣ ተራ እንድታስይዝላቸው አሚራን ተጣሩ።