ከሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ

ይህ ታሪክ እውነት ነው! የጤፍ ፍሬ የምታህል ውሸት ብትገኝበት፣ አምቡሊ፣ የጅቡቲ አየር ማረፊያ፣ የሚያርፈው አውሮፕላን ሁሉ አናቴ ላይ ይረፍ።

በፈረንጆቹ 2003፣ የጅቡቲ ሐምሌ ድንጋዩን በላብ በሚያጠምቅበት ሰሞን፣ ሙሚን የሚባል ሽንኩርት ነጋዴ ማዕከላዊ ገበያ መሀል ቆሞ በቅናት ይንተከተክ ነበር። ያስቀናው ሙሰዲቅ ነው። ሁለቱም የድሬዳዋ ልጆች፣ ሁለቱም ጨርቅ ሻጯን ውዳድን ለማግባት የቋመጡ። ውዳድ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቷ ነው፤ ስትስቅ ወደብ ላይ ያለ መርከብ ሁሉ ማራገፉን ያቆማል።

ሙሰዲቅ ያን ቀን ከድሬ በአውሮፕላን መጥቶ፣ ሻንጣውን እንደያዘ ውዳድ ሱቅ ደጃፍ ተገተረ። እጀታው ላይ የታሰረችውን የአየር መንገድ ወረቀት አልበጠሳትም፤ እንዲያውም ወደ እሷ አዙሯታል።

"ስንት ሰዓት ፈጀብህ?" አለችው ውዳድ።

"በእጄ ሰዓት ልክ በሁለት ተነሳን። አምቡሊ ስወርድ የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ይላል። ሰባት ሰዓት ሙሉ ሰማይ ላይ፣ ወላሂ!"

ውዳድ ለማንም ከእጇ የማታስቀምጠውን የጨርቅ መለኪያ ሜትር አስቀመጠች። ሙሚን ይህን አየ።

ሙሚን ጅቡቲ አሥር ዓመት ኖሯል። ጅቡቲ ሰዓት የምትቆጥረው እንደ ፈረንጅ ስለሆነ፣ የድሬ ሁለት ሰዓት የጅቡቲ ስምንት መሆኑን ያውቃል። "አቦ፣ የበረርከው አንዲት ሰዓት ብቻ ነው" ቢል ሙሰዲቅ እንደ ፊኛ በተነፈሰ ነበር። ቅናት ግን ማረም አይወድም፤ መብለጥ ነው የሚወደው።

"ሰባት ምን አላት!" አለ ሙሚን ደረቱን ነፍቶ። "እኔ አምና ከድሬ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ነው የበረርኩት።"

"አቦ ተወና! መንገዱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላ፣ ያንተ በምን ረዘመ?" አለው ሙሰዲቅ።

"የኛ ፓይለት ሰው ያከብራል! የመንን አዙሮ አሳይቶን ነው የመጣው። ምሳ ሁለት ጊዜ በላን።"

"ይልቅ በባቡር ዘጠኝ ሰዓት ቆመህ መጥተህ እንዳይሆን!"

"ባቡር? እኔ ሙሚን? ይህ እግር ባቡር ረግጦ ቢያውቅ ይቆረጥ!"

ውዳድ ጨርቋን በቀስታ ማጠፍ ጀመረች።

"አምና የረመዳን ዋዜማ" አለች ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ከድሬ በባቡር ስመጣ መቀመጫ አጣሁ። አንድ ሰው ከሽንኩርት ጆንያው ላይ ተነስቶ አስቀመጠኝ፤ እሱ እዚህ እስክንደርስ ቆሞ መጣ። ፉርጎው ጨለማ ነበር፤ በድምፁ አንተ መስለኸኝ፣ ሙሚን፣ ዓመቱን ሙሉ 'መጥቶ ለጋብቻ ይጠይቀኛል' እያልኩ ስጠብቅ ከረምኩ።"

የታጠፈውን ጨርቅ መደርደሪያው ላይ አኖረች።

"ለካ አንተ በአውሮፕላን ነው የመጣኸው።"