የኢንዲጎው ዘር

እናታቸው ሲሞቱ ለሁለቱ እህትማማቾች የተረፈው ቤቱና ከቅጠሉ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣው የጓሮው ኢንዲጎ ተክል ነበር። ታናሽየዋ ጨርቅ በቀለም ነካሪ ናት፤ ሙያውን የለመደችው ከእናቷ ነው። ቅጠሉን በበርሜል ዘፍዝፋ፣ እንደ ሕፃን ገላ መታጠቢያ ለብ አድርጋ ታቆየዋለች። ጨርቁ ከውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይወጣና ነፋስ ሲነካው ዓይን እያየ ሰማያዊ ይሆናል።

ታላቅየዋ ሽታውን አትወድም። ነካሪዋ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ በርሜሉን አስደፋች፣ ኢንዲጎውን ከነሥሩ አስነቀለች፣ በቦታውም ለባሏ መኪና መጠለያ ሠራች። ነካሪዋ ስትመለስ ልብሷ በከረጢት ታስሮ በረንዳ ላይ ጠበቃት።

"ቤቱ ለእኛም አልበቃን" አለቻት ታላቅየዋ።

ነካሪዋ ከረጢቱን አንስታ ወጣች። ከእናቷ ወዳጅ ዘር ለምና በኪራይ መሬት እንደገና ጀመረች። ችግኙን ባጠጣች ቁጥር ቂሟንም ታጠጣ ነበር።

ከዓመታት በኋላ በተክል የተነከረ ጨርቅ ፋሽን ሆነና የነካሪዋ ስም ገነነ። ይሄኔ ታላቅየዋ ጥርሷን ገልጣ መጣች።

"የእናቴ ልጅ፣ ትንሽ ዘር አትሰጪኝም? ከአንድ ትልቅ ሱቅ ጋር ተነጋግሬያለሁ።"

"ኧረ ምን ችግር አለው፣ እታለም!"

በነካሪዋ ማሳ ዳር ቅጠሉም አበባውም ኢንዲጎ የሚመስል፣ ጠብታ ቀለም የሌለው አረም ይበቅላል። እህቷ አንድ ቀን እንደምትመጣ ታውቅ ነበርና ዘሩን ስትለቅም ከርማለች። ከረጢት ሙሉ ሰጠቻት።

ታላቅየዋ መጠለያውን አፍርሳ ዘራች። ነካሪዋ አልፎ አልፎ ጎራ እያለች፣ "እንዴት ያምራል!" ትላታለች።

ቅጠሉ ደርሶ ተዘፈዘፈ። ታላቅየዋ የሱቁን ሰዎች፣ የባሏን ዘመዶች፣ ጎረቤቱን ሁሉ፣ እህቷንም ጠርታ የመጀመሪያውን ጨርቅ አወጣች። የዕቃ እጣቢ መሰለ። ነፋስ ነካው፤ ያው ነው። ደግማ ነከረችው፤ ባሰበት። ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው። የሱቁ ሰዎች ሹክ ተባብለው ሄዱ።

ታላቅየዋ ከፊት ወደቆመችው እህቷ ዞረች። "ምንድን ነው የሰጠሽኝ?"

"አረም።"

"እህትሽ አይደለሁም እንዴ?"

"ሆስፒታል ተኝቼ በሩን በሩን ሳይ፣ እኔም እሱን ነበር የምጠይቀው።"

ታላቅየዋ በሰው ሁሉ ፊት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ነካሪዋ አንድም እንባ ሳያመልጣት ቆማ አየችና ወደ ቤቷ ሄደች። ጸጸት ይመጣብኛል ብላ ነበር፤ የመጣው ግን እፎይታ ነው።

በሳምንቱ ታላቅየዋ አማላጅ ላከችባት። ነካሪዋ በሩን አልከፈተችም።

"ሥራ ላይ ነኝ" አለች ከውስጥ።