ከግጥሙ ስግደቱ

ቄሱ ወደዚህ አገር ሲሰደዱ ገጣሚ ነበሩ። ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ እየተኮሱ በየደረሰኙ ጀርባ ስንኝ ይሞነጫጭሩ ነበር። ያሳተሙት መጽሐፍ አንባቢ ሲያጣ ክህነት ተቀበሉ፤ ሚስታቸው እንደሚሉት፣ ስብከት ጥሎ መውጣት ሰው ስለሚያፍር ነው።

አንድ እሑድ አብሯቸው ሸሚዝ ይተኩስ የነበረ ወዳጃቸው ለንስሐ መጣ።

«አባቴ፣ ሃያ ዓመት ዋሽቻለሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን። ግጥሞችዎ ጥሩ ናቸው እል ነበር።»

ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጥ አደረጉ። «የትኞቹ?»

«ሁሉም። መጽሐፉን እንኳ አልጨረስኩትም።»

ደማቸው ፈላ። አፋቸው ላይ የመጣውን ስድብ ግን እንደምንም ዋጡት።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ቀኖናህ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ነው።»

ሰውየው ደነገጠ። «ስግደት አይሻልም?»

«ስግደት ከሆነ ሦስት መቶ ነው!»

«ይሁን» አለና ወዲያው ጀመረ።

ቄሱ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆጠሩለት። ስድሳ ላይ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አሳዘናቸውና ክንዱን ያዙት።

«በቃ፣ በቃ! ይህን ያህል መጥፎ ነበር?»

«አባቴ፣ አሁን እኮ ንስሐ ገብቻለሁ፤ እንዴት ልዋሽ?»

ቄሱ አጠገቡ ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።