ደልበርት በአጨዳ ቅዳሜ ምርጫ ያስጠራ ጊዜ

የወረዳችን ጋዜጣ ስለ ደልበርት ሃውሪሉክ ሙሉ ገጽ ጻፈ። አነበብኩት። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ ማንበብ አልችልም ማለት አይደለም፤ ቀስ እላለሁ እንጂ ቃል አልዘልም። የሚስቱ ስም አለ። ከከተማ ያስመጣት የምርጫ አስተባባሪ ስም ሁለት ጊዜ አለ። የውሻው ስም እንኳ አለ። የእኔ፣ የኔቲ፣ ስም ግን የለም። ለዚያ ሰውዬ ሃያ ዓመት በር ያንኳኳሁት፣ የፓርቲውን የአባልነት ካርድ በየሰዉ ማድቤት እየዞርኩ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ውሻው አንድም ካርድ አልሸጠም። ስለዚህ እኔው እጽፈዋለሁ።

ደልበርት ከመመረጡ በፊት ሐራጅ አጫራች ነበር። ከብት፣ ትራክተር፣ የሟች ዕቃ፣ ያገኘውን ሁሉ ይሸጣል። ምላሱ ከመፍጠኗ የተነሳ የመጀመሪያውን የምርጫ ንግግሩን በሁለት ደቂቃ ጨረሰው፤ ሰዉም ምን እንደገዛ ሳያውቅ አጨበጨበ። «ቀስ በል! ቃል እየገባህ ነው እንጂ ጊደር እየሸጥክ አይደለም» ያልኩት እኔ ነኝ። ቀስ አለ፤ ተመረጠ። እዚህ አልበርታ፣ እኛ ገጠር ውስጥ፣ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ያቀረበው ይመረጣል፤ የእህል ጎተራዬን በፓርቲው ቀለም ሰማያዊ ቀብተው ቢያቀርቡት ጎተራውም ምክር ቤት ይገባል። ጭንቁ ከዚያ በፊት ነው፤ ፓርቲው ራሱ በአባላቱ ድምፅ እጩውን የሚመርጥበት ቀን።

ኤድመንተን ምክር ቤት አራት የምርጫ ዘመን ተቀመጠ። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ። ከዚያ ወደ መሃል ገባ። አንድ ጊዜ የግብርና ሚኒስትር ሆኖ አሥራ አንድ ወር ቆየ፤ ስለ ወተት የተናገረው ነገር የፓርቲውን መሪ አስቆጣና ወደ በሩ መለሱት። ምን እንዳለ ስጠይቀው እስከ ዛሬ ፊቱ ይቀላል። ይሁን፤ ስምንት አልጋ ያላትን ሆስፒታላችንን ሁለት ጊዜ ሊዘጉብን ሲሉ ጠረጴዛ ደብድቦ ያስቀራት ግን እሱ ነው። ባሌ የሞተው እዚያ ነው፤ እጁን ይዤ፣ ከቤቴ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ።

ዘንድሮ ትሬንት የሚባል ጠበቃ ተነሳበት። ጫማው ላይ ጭቃ የለም። «የአንድ ሰዓት መንገድ ነድታችሁ ትልቁ ሆስፒታል ብትሄዱ ይሻላችኋል» ይላል። በሐይቁ ዳር አዲስ ቤት የሠሩትን ሰዎች በስልክ እየደወለ ሁሉንም አባል አደረጋቸው። እጩነቱን ትሬንት ከወሰደው ሆስፒታላችን አበቃላት፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል።

ያቺ አስተባባሪ፣ ኪርስተን፣ ደወለችልኝ።

«እማማ ኔቲ፣ የምስራች! የእጩ ምርጫው ቀን ተቆረጠ። የመስከረም ሦስተኛ ቅዳሜ፣ በከርሊንግ የበረዶ ጨዋታ አዳራሹ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር።»

«ማን ነው ይሄን ቀን የመረጠው? ትሬንት?»

«አይ፣ ፓርቲው ጠየቀን፣ ክቡር ደልበርትም ይመቸኛል አሉ። የቀን መቁጠሪያቸው ላይ ባዶ ነበር።»

ባዶ! የገበሬ ልጅ ነው እኮ! በእኛ አገር መስከረም ላይ ሰው አይሞትም፣ አያገባም፣ አይጣላም። አጨዳ ነው። ኤድመንተን ብዙ ተቀምጦ የቀን መቁጠሪያው እንጂ እርሻው ጠፍቶበታል።

«ልጄ» አልኳት «ዝናብ ካልጣለ በቀር አንድም ገበሬ አይመጣልሽም።»

«አይጨነቁ፣ ኮምፒውተሩ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ደጋፊ ያሳያል። እርስዎ ይረፉ።»

ይረፉ አለችኝ። ለእኔ!

ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ዘነበ። ቅዳሜ ሲነጋ ሰማዩ የተወለወለ ሳህን መሰለ፤ ደረቅ ነፋስም ነፈሰ። ከመስኮቴ ሆኜ ስቆጥር ሰባት የአጨዳ ኮምባይነር አቧራ ሲያስነሳ አየሁ። እሁድ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይመለሳል ብሏል ሬዲዮው። አዳራሹ ስደርስ የሐይቁ ዳር ሰዎች በነጭ ሱሪ ተሰልፈዋል። የእኛ ሰዎች አሥራ ዘጠኝ። ኪርስተን ታብሌት ኮምፒውተሯን እንደታመመ ልጅ ታቅፋ ትዞራለች።

«የት ሄዱ?»

«ኮምባይነር ላይ።»

«ለአንድ ሰዓት ወርደው ድምፅ ቢሰጡስ?»

ሳቅኩባት። ከዚያ ሳቄን አቆምኩ፤ አንድ ነገር መጣልኝ።

ደልበርት በር ላይ ቆሞ የሰው እጅ ይጨብጣል። በአጠገቡ ሳልፍ «እማማ ኔቲ፣ ወዴት ነው?» አለኝ። «አንተ ያጠፋኸውን ልጠግን» አልኩትና መኪናዬን አስነሳሁ።

የአረጋውያን ቤት ስገባ ምሳ እየበሉ ነው። እዚያ ያሉት ወንዶች ሁሉ የድሮ ገበሬዎች ናቸው። መስከረም ሲመጣ መስኮት ላይ ተደርድረው የሌላውን እርሻ እያዩ የሚያቃስቱት ነገር ልብ ይበላል።

«ኮምባይነር መንዳት የሚፈልግ!» አልኩ።

አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላው ኦስታፕ ሁለቱንም አወጣ።

ነርሷ ሮጠች። «አቶ ኦስታፕ መንጃ ፈቃዳቸው ተወስዷል!»

«ስንዴው ውስጥ ትራፊክ የለም» አልኳት።

«ስምንት ሰዓት ላይ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ!»

«ስጪኝ፣ በኪሱ አደርግለታለሁ።»

«ኔቲ» አለ ኦስታፕ፣ ሾርባውን ገፍቶ፣ «አንቺ ገና በኮረዳነትሽ ነው ይሄን ማሰብ የነበረብሽ።»

«በኮረዳነቴማ አንተን አላስጠጋም ነበር። ተነስ!»

በቤቱ አውቶቡስ ጫንኳቸውና በየእርሻው አንድ አንድ እያደረግኩ አራገፍኳቸው። ገበሬው ይወርዳል፣ ሽማግሌው ይወጣል፣ ገበሬው እየከነፈ ሄዶ ድምፁን ሰጥቶ ይመለሳል። ሲመለስ ሽማግሌው አልወርድም ብሎ ይለምናል። ያን ቀን አልቅሰው የወረዱ ሁለት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ወደሚቀጥለው እርሻ ወሰድኳቸው።

ዳሪል ቼርኔጋ ብቻ አስቸገረኝ። ለሚስቱ ለሕመሟ ያቺ ሆስፒታል ታስፈልጋታለች፤ ግን ማሽኑ አዲስ ነው።

«ኦስታፕን ነው የምታስቀምጪልኝ? ጫማውን ማሰር የማይችለውን?»

«ጫማ እንዲያስር አልጠየቅኩትም።»

«ውስጡ ሦስት ስክሪን አለው፣ እማማ ኔቲ!»

«አያያቸውም፣ አይነካቸውም። ሂድ፣ እሷን ይዘሃት ሂድ፤ ሁለት ድምፅ ነው።»

ሄዱ። ኦስታፕም እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ነዳ። መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አጨደ፤ እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ረግረጉ ጥግ ዞረ። እርጥብ ነው፤ የድሮ ሰው ያውቀዋል፣ ግን ደስታ አሳወረው። ማሽኑ እርጥቡን ገለባ ጎርሶ ታነቀ፣ አንድ ነገር ጧ አለ፣ የማሽኑ ቀበቶ ተበጠሰ። ኦስታፕ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ኔቲ፣ የምወርድ ይመስለኛል» አለ። መቶ ሃያ ኤከር ካኖላ፣ ያ ለዘይት የሚዘራው፣ ቆሞ ቀረ። መለዋወጫ የሚሸጠው ሱቅ ደግሞ እስከ ሰኞ ዝግ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ፤ ተቆጠረ። ደልበርት በዘጠኝ ድምፅ አሸነፈ።

መድረክ ላይ ወጣ። ሰማያዊ ጃኬቱ ላይ አንድ ብናኝ የለም። ኪርስተንን አመሰገነ፤ ኮምፒውተሩን አመሰገነ፤ ሚስቱን አመሰገነ፤ በመጨረሻ ደግሞ «ሥራቸውን ጥለው የመጡትን ገበሬዎቻችንን» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ጆሯቸው ውስጥ ገለባ ሞልቶ፣ ስማቸውን ይጠብቃሉ። ኦስታፕ ግን መሬት መሬት ያያል። ዳሪል ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ቆሟል። ኦስታፕን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ያ ነው የከፋኝ።

ተነሳሁ። ወንበሬ ሲጮህ ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«እማማ ኔቲ!» አለ ደልበርት በማይክሮፎኑ። «እናታችን! ኑ፣ እዚህ ይውጡ፣ ፎቶ እንነሳ።»

«ፎቶህን ተወው። ዳሪል ከነሚስቱ ላንተ ድምፅ ሊሰጥ መጥቶ ኮምባይነሩ ረግረግ ላይ ተሰብሯል። መቶ ሃያ ኤከር ቆሟል። ነገ ከቀትር በኋላ ይዘንባል።»

ደልበርት ጉሮሮውን ጠረገ። «እጅግ ያሳዝናል። ሰኞ ቢሮዬ ደብዳቤ ጽፎ...»

«ደብዳቤ ካኖላ አያጭድም! ይሄን ቀን ይመቸኛል ያልከው ማን ነው? እኔ ነኝ? ኦስታፕ ነው? በየምርጫው ለበራሪ ወረቀትህ ላዩ ላይ ወጥተህ ፎቶ የምትነሳበት፣ ለፎቶ ብቻ የምታጥበው የአባትህ ኮምባይነር መጋዘንህ ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ ይነሳል?»

«እ... ይነሳል መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበለኝ፤ ባለፈው ወር ነው ፎቶውን የተነሳኸው። አሁን ጃኬትህን አውልቅ። ኪርስተን፣ ያዥለት። ወደ መጋዘንህ ሂድና አስነሳው፤ በመንደሩ መሃል ነድተህ ዳሪል እርሻ ግባ። ኦስታፕ ከጎንህ ይቀመጣል፤ ረግረጉ የት እንደሆነ አሁን ያውቀዋል። እኔ ዳር ላይ መኪናዬን አቁሜ አይሃለሁ፤ የመጨረሻው መስመር ታጭዶ ሳያልቅ ከዚያ ወንበር እንዳትወርድ!»