ግድግዳው የረሳው

የአክስቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ከተቃጠለ ወዲህ አክስቴና ባሏ አይነጋገሩም። "ለዚያ ሰውዬ ራት ቀርቧል በይው" ትለኛለች፣ ሰውዬው አጠገቧ ተቀምጦ። ካውያውን ሳትነቅል ወጥተሃል ባይ ናት። እሱ ነቅዬዋለሁ፣ እሳቱ የተነሳው ከመብራት ቆጣሪው ነው ይላል።

"አንቺ ተምረሻል፤ ግድግዳው ይፍረደን" አለኝ ጋሼ። ባሏን የምጠራው እንደዚያ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለዚሁ ነበር፤ ሙቀት ጥሎት ካለፈው ምልክት ተነስቶ ምንጩን ወደ ኋላ ማስላት። ካውያውም ቆጣሪውም የነበሩበትን ግድግዳ በመሰርሰሪያ በሳሁት። ሲሚንቶ ሲግል ቀለሙ ይለወጣል፤ በየጥልቀቱ ምን ያህል እንደጋለ ከቀለሙ ገምቼ ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት።

የመጀመሪያው መልስ እብደት ነበር፤ አንዱ ቦታ እቶን፣ ጎኑ በረዶ። ሙቀት ሲጓዝ ዝርዝሩን እየጣለ ነው የሚሄደው፤ ወደ ኋላ ስንመልሰው ፀጉር የምታህል የልኬት ስህተት ተራራ ታክላለች። ስለዚህ ስህተቱ እንዳይገን መልሱ በአንዲት ቁጥር ይለሰልሳል። ቁጥሯን የሚመርጠው ሰው ነው። ከፍ ሳደርጋት እሳቱ ከካውያው ተነሳ፤ ዝቅ ሳደርጋት ከቆጣሪው።

ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

"እና ስንት ስትሆን ነው እኔ ነፃ የምወጣው?"

"እንደሱ አይሠራም፣ ጋሼ።"

"አንቺ ቁጥር ትመርጫለሽ፣ እሷ ጥፋተኛ ትመርጣለች። እንዴት አይሠራም?"

"ለአክስቴ አይታወቅም ብዬ ነው የምነግራት።"

"አይታወቅም ካልሻት እንደተኳረፍን ማርጀታችን ነው።"

"ታዲያ ልዋሽላችሁ?" ብዬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

ማታ ገበታ ላይ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ ቀደመኝ።

"ስሌቱ ወጥቷል። ካውያው ነው። እኔው ነኝ።"

አክስቴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "መጀመሪያውኑ ብትለኝ ምን ነበረበት?" አለችው። "እጅህን ታጠብና ብላ።"

ታጥቦ በላ። እኔም በላሁ። ያኔ መናገር ነበረብኝ።

አክስቴ አሮጌውን ግድግዳ አስፈርሳ ሱቋን እዚያው መልሳ ሠራች። ለጋሼ ቁልፍ አትሰጠውም። ምክንያቱን ለጠየቃት ደንበኛ ሁሉ "በኮምፒውተር የተረጋገጠ ነው" ትላለች እየሳቀች። እሱም አብሯት ይስቃል፤ እስክትዘጋ ድረስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

አንድ ቀን አላስችለኝ አለ። "አክስቴ፣ ያ ስሌት እኮ..."

"ኢንጂነሯ" አለኝ ጋሼ ከደጃፉ። "ግድግዳው ፈርሷል።"

አክስቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ምን ልትዪኝ ነበር?"

"ምንም" አልኳት።