ድፋት ያሉኝ ቀን

«መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ያልሁት ለዓይነ ስውር ሰው ነው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር፤ ግን ኩራት የሚሉት ነገር አለብኝና አንገቴን አቅንቼ ቆምሁ።

የኔታ መልከ ጼዴቅ ፈገግ አሉ። «እኔም ጨፍኜ ነው የምሄደው። ሁለታችንም ከጨፈንን ገደሉን ማን ያይልናል? አንቺ እንኳ ክፈቺው እንጂ።»

ይህ የሆነው ጳጉሜ አንድ ቀን ጧት፣ ስሜን ተራራ ውስጥ ጨነቅ በምትባለው የመንገደኛ ማረፊያ ነው። የኔታ የደባርቅ የዜማ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸውን ፈንጣጣ በልጅነታቸው ወስዶታል። በየዳ ወረዳ ውስጥ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለሩፋኤል በዓል ማኅሌት እንዲመሩላት ጠርታቸው፣ ከሁለት ቀን በኋላ መድረስ ነበረባቸው። ያመጣቸው ጭነት መኪና ዝናቡ መንገዱን ስለናደው ከጨነቅ አላልፍም አለ። እየመራ ያመጣቸው ደቀ መዝሙርም ሆዱን ይዞ ተኛ።

እኔ ደግሞ እዚያው ነበርሁና በበቅሎ አደርሳቸዋለሁ አልሁ። ስሜ ናዝራዊት ይባላል፤ ቱሪስት ባለበት ወራት በቅሎ እየነዳሁ ጓዝ አመላልሳለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ቱሪስቶች ጥለውት ከሚሄዱት መጽሐፍ ራሴን አስተምሬአለሁ። ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ጨነቅ ላይ የለም ብል የሚከራከረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም የበቅሎዋ ባለቤት ጋሽ ገዱ ናቸው። እሳቸው የማይከራከሩት ነገር የለም።

«በቅሎ ሴት መሪ አትወድም» አሉ የበቅሎዋን፣ የዳማን፣ ኮርቻ እያጠበቁ።

«ራሷ ሴት አይደለች እንዴ?»

«ናታ። አመሉን ስለምታውቀው ነዋ የምትጠላው።»

«እንግዲያው እርስዎ ይሂዱ።»

«በዚህ ጉልበቴ? የቧሒትን ተራራ ሳላልፍ እኔንም ትጭኚኝ ነበር።» ከዚያ ቀልዱን ተዉትና ወደ ጅብራው ዛፍ ሥር አመለከቱ። ቦራ የምትባለው ግንባረ ነጭ ባዝራ ኮቴዋ ቆስሎ እዚያ ታስራለች። «ስሚኝ ብቻ። ዳማና ቦራ ተለያይተው አያውቁም። ቦራ ከዚህ ስትቀር ዳማ መንገዱን ሙሉ ስትጣራ ነው የምትውል። እንዳትቆጫት።»

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ይቺ ደግሞ አክስት አበጀች ማለት ነው» አልሁና ልጓሙን ይዤ ተነሣሁ። ቦራ ከኋላችን ረጅም አሽካካች። የኔታ ከኮርቻው ላይ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስክትጨርስ ሰሟት።

ጋሽ ገዱ እውነታቸውን ነበር። ዳማ በየኩርባው እየቆመች ትጣራለች። የበቅሎ ድምፅ ደግሞ ልብ የሚያደርቅ ነው፤ እንደ ፈረስ ጀምሮ እንደ አህያ ያልቃል። «በግዕዝ ዜማ ጀምራ በዕዝል ዜማ ትጨርሳለች» እያሉ የኔታ ይስቃሉ። እሳቸው ሰውም ሆነ አውሬ የሚሰሙትን ሁሉ በዜማ ምልክት ነው የሚለኩት። ከመንገዱ ዳር ሣር የሚነጩት ጭላዳዎች እርስ በርስ ሲያጉረመርሙ «ርክርክ» ይላሉ፤ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ሲሄድ ማለት ነው። ቁራ አንዴ ጮኾ ዝም ሲል «ቁርጥ»። አላዋቂ ፊት የሚናገሩ የመሰላቸው መሰለኝ።

እኔ ግን አውቀዋለሁ። ያደግሁት ደባርቅ ነው፤ ውኃ የምንቀዳበት መንገድ በጉባኤ ቤታቸው አጥር ሥር ያልፋል። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጀሪካኔን አስቀምጬ፣ እላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ይዘት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ሁሉንም። ተማሪዎቹን ከሁሉ የሚከብዳቸው ድፋት ነበር፤ ድምፅ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች የሚደፋበት። እዚያ ላይ ተማሪው አላቆም ብሎ ካለፈ «ድፋት» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ ዱላ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ከአጥር ውጭ ያለሁት እኔ እንኳ ትከሻዬን እሰበስብ ነበር። ይህን ለየኔታ አልነገርኋቸውም። ሴት ልጅ ጉባኤ ቤት ምን አላት የሚል ሰው ሞልቷልና ያልተጠየቅሁትን ለምን እናገራለሁ?

ዳማ በተጣራች ቁጥር ልጓሟን ሳብ እያደረግሁ «ዝም በይ» አልኋት። በስድስተኛው ነው መሰለኝ ዝም አለች። ኮራሁ።

«አሠለጠንኋት፣ የኔታ።»

«አፏን ነው። ልቧን አላሠለጠንሽውም። ተያት ትጣራ ልጄ፣ የሚጠራው ሰው ያለው ዕድለኛ ነው።»

አልተውኋትም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጉሙ መጣ። የስሜን ጉም እየጨለመ አይመጣም፤ አንዴ ሜዳው አለ፣ አንዴ የለም። የዳማን ጆሮ አያለሁ፣ ጭራዋን አላይም። ወደፊት መቀጠል እብደት ነው ብዬ ወደ ጨነቅ አዞርኋት። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትሁም። ነገር ግን ተመልሰን ጨነቅ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከእግሬ ሥር የነበረው የጠጠር መንገድ ጓሳ ሣር ሆነ። ወደ ግራ ብል ሣር፣ ወደ ቀኝ ብል ሣር። ዝናቡ ካፊያ ጀመረ። አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት፣ ዞርን። የየኔታ ጋቢ ውኃ ጠጥቶ ከበደ፤ ሲናገሩ ጥርሳቸው ይጋጭ ጀመር። እድሜያቸው ሰባ አልፏል። እዚያ ብርድ ላይ እርጥብ ጋቢ ለብሰው ካደሩ ጧት እንደማይነሡ አወቅሁ። ሩፋኤል ቀርቶ ነገ ራሱ ሩቅ ሆነብኝ።

ያን ጊዜ ነው ጭላዳዎቹን የሰማሁት። ከፊት ለፊት፣ ብዙ ሆነው፣ እንደ ገበያ ያጉረመርማሉ። እፎይ አልሁ።

«የኔታ፣ ወጣን። ጭላዳ ካለበት ሣር አለ፤ ሣር ካለበት ሜዳ አለ። ሜዳው የጨነቅ ሜዳ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይህችን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ። በሁለት ቋንቋ ነው ያነበብሁት።»

 ወደ ድምፁ ነዳሁ። ዳማ አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች፤ በቅሎ ግትር ነው ብዬ ጎተትኋት። ሁለት እርምጃ መጣች፣ እንደገና ቆመች። ጎተትሁ። ጉሙ ውስጥ ሕፃን ጭላዳ ሲያለቅስ፣ እናቱ ስትመልስለት ሰማሁ። በጣም ቀርበናል።

«ድፋት» አሉ የኔታ።

ጮክ አላሉም። ልማዳቸው ነው ብዬ ባልፈው ይቻል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የዜማ ምልክት ሲጠሩ ነዋ የዋሉት። እግሬ ግን እኔን ሳይጠይቅ ቆመ። ትከሻዬ እንደ ልጅነቴ ተሰበሰበ።

«ምን አሉ?»

«ቅድም ድምፃቸው ከፊታችን ነበር፣ በጆሯችን ልክ። አሁን ከእግርሽ በታች ነው የሚመጣው። ድምፁ ተደፍቷል። መሬቱስ?»

ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሣሁና ወደፊት ወረወርሁ። ሲያርፍ ለመስማት ጠበቅሁ። አልሰማሁም። በደረቴ ተኝቼ እጄን ዘረጋሁ፤ ሣር፣ ሣር፣ እርጥብ ድንጋይ፣ ከዚያ ምንም። ጣቶቼ ነፋስ ላይ ነበሩ። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፤ የጭላዳ ሽታ ይዞ።

እንዴት እንደ ተሳሳትሁ ለመናገር ያሳፍረኛል፣ ግን እናገራለሁ። ጭላዳ ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሲመሽ ከነብርና ከጅብ ለመሸሽ ገደል ወርዶ በቋጥኝ ላይ ያድራል። ይህንንም በሁለት ቋንቋ አንብቤዋለሁ። የረሳሁት ሰዓቱን ነው። ቀኑ አልቆ ነበር። እነሱ ወደ ቤታቸው ሲገቡ እኔ ተከትዬ ልገባ ነበር።

እየዳህሁ ወደ ኋላ ተመለስሁና የዳማን የፊት እግር አቀፍሁ። አልረገጠችኝም።

«ተነሺ» አሉ የኔታ። «ቆይተሽ ታለቅሻለሽ። አሁን ጆሯችንን ነው የምንፈልገው። በቅሎዋ ትጣራ፤ ባዝራዋ ከመለሰች ጨነቅ የት እንደሆነ እናውቃለን።»

«ዳማ፣ በይ ተጣሪ» አልኋት።

ዳማ አየችኝ። ግንባሯን ዳበስሁ፣ ለመንኋት፣ እናቴን እንኳ ጠርቼ ባላውቀው ቁልምጫ ጠራኋት። ጆሮዋን አጥፋ ቆመች። ዝም በይ ስላት ስትጮህ ያረፈደች በቅሎ፣ ጩኺ ስላት ዝም አለች።

«ያስተማርሻትን ነው የያዘችው» አሉ የኔታ። «ጥሩ ተማሪ ናት። ነይ አውርጂኝ።»

አወረድኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀጥ አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም ያ ሦስት ደብር የሚያዳርስ ድምፅ አሽካካ። እንደ ቦራ ነው ያሽካኩት፤ አነሣሷ፣ መሐል ላይ የምትሰብረው፣ መጨረሻ ላይ በአፍንጫዋ የምትተነፍሰው ሁሉ አለበት። ጧት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰሟት። ያ ሁሉ ጭንቀት ባይኖር ኖሮ በሣቅ ሞቼ ገደሉ አያስፈልገኝም ነበር።

የዳማ ሁለቱም ጆሮ ተቀሰረ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያፈነችውን ሁሉ አንድ ጊዜ ለቀቀችው። ጉሙ የተቀደደ መሰለኝ።

ጠበቅን። ካፊያው ጋቢው ላይ ሲወርድ ይሰማል። ከዚያ በጣም ሩቅ፣ ከበስተቀኝ ጀርባችን፣ አንዲት ባዝራ መለሰች። ወዲያው ደግሞ ከግራ ሌላ።

«ሁለት ናቸው» አልሁ። «አንደኛዋ የገደል ማሚቶ ናት። የግራዋ ትጎላለች፣ የኔታ።»

«የጎላ ሁሉ እውነት አይደለም። ገደል ተቀባይ ነው፤ መሪ ሳይጀምር ተቀባይ አይጀምርም። የቷ ቀደመች?»

ዓይኔን ጨፈንሁ። ዳማ እንደገና ተጣራች፤ ባዝራዋ እንደገና መለሰች።

«የቀኟ።»

«በቅሎዋስ?»

የዳማን ጆሮ በእጄ ዳሰስሁ። ሁለቱም ወደ ቀኝ ዞረዋል። እሷ መቼም ከጧት ጀምሮ ታውቀዋለች። የኔታን ኮርቻው ላይ አስቀመጥኋቸውና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጓም ለቀቅሁ። የኮርቻውን ጠፍር ይዤ ተከተልሁ። ዳማ ትጠራለች፣ ቦራ ትመልሳለች፣ ገደሉ ይቀበላል። እንዲህ እየተባባሉ ከእግሬ ሥር ጠጠር አመጡልኝ፣ ከጠጠሩ መንገድ፣ ከመንገዱ የጋሽ ገዱን ባትሪ።

«ሣር አልበላ ብላ ወደ ጉሙ ስታሽካካ አንድ ነገር እንዳለ አወቅሁ» አሉ ጋሽ ገዱ። ቦራን ፈትተው እስከ ኩርባው ድረስ እያነከሰች አምጥተዋታል። «በቅሎ ሴት መሪ አትወድም አላልሁሽም?»

«ልክ ነዎት» አልሁ። «መሪዋ እሷ ነበረች።» ከእኔ አፍ «ልክ ነዎት» ሲወጣ ሰምተው ስለማያውቁ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበሩት።

ዳማ አንገቷን ቦራ አንገት ላይ ጣለች። ገብስ በጨርቄ ይዤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር አለችኝ አልልም፤ ገብሱን ግን በላችው።

የኔታ እሳት ዳር ደረቅ ጋቢ ተደርቦላቸው ሲሞቁ ጠሩኝ።

«ድፋት ስል እንዴት ቆምሽ? ሌላ በቅሎ ነጂ ቢሆን ‹ምን አሉ የኔታ› እያለ ሁለት እርምጃ ይጨምር ነበር። ሁለት እርምጃ አልነበረንም።»

ነገርኋቸው። አጥሩን፣ ጀሪካኑን፣ ሁሉንም።

«የጀሪካኑን ቀለም አላውቀውም» አሉ። «ሲቀመጡበት ‹ቧ› የሚል ጀሪካን ግን ነበር።»

 ወደ እሳቸው ዞርሁ።

«ያውቁ ነበር? ታዲያ ለምን አላባረሩኝም?»

«ለምን አባርርሻለሁ? ፊቴን ወደ አጥሩ መልሼ የማስተምረው ለማን መስሎሽ ነው?»

«እኔማ በዚያ በኩል የተቀመጡት ተማሪዎች ሰነፎች መስለውኝ።»

«እሱም አለ» አሉና ሣቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያሽካካሁትን ግን ለደቀ መዛሙርቱ እንዳትናገሪ። ማይልኝ።»

ላልናገር ማልሁ። ላልጽፍ ግን አልማልሁም።

በማግሥቱ ሰማዩ ጠራ። የቦራን ኮቴ በጨርቅ ጠቅልለን አምስታችንም፣ ከጋሽ ገዱ ጉልበት ጋር ስድስታችን፣ ቀስ እያልን ቧሒትን ተሻገርን። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ሰው ዝንጀሮ አያመሰግንም፤ ቢሆንም ቆሜ እጅ ነሣሁ። እነሱ ሣር ከመንጨት ቀና አላሉም። ማን ሲጠራቸው እንደ ነበር፣ ለማን እንደ መለሱ የራሳቸው ጉዳይ ነው። እኔ የእነሱን ወሬ ሰርቄ ሰምቼ ነው የዳንሁት።

ሩፋኤል ዕለት ዝናብ ዘነበ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነውና ሰው ሁሉ ሊቀበል ራሱን ገልጦ ወጣ። እኔም በሴቶች በኩል፣ ግድግዳውን ታክኬ ልወጣ ተራመድሁ። ከውስጥ የየኔታ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ተደፋ። አጠገቤ የነበረች ሴት «ምን ሆንሽ፣ ተንቀሳቀሺ እንጂ» አለችኝ። ድፋቱን ሰምቶ እግሬ ቆሞ ነበር።